ሜኑው ላይ የሌለ ፕሮግራም፦ ከጫግኒ የኮምፒውተር ክፍል ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 አቁሟል። የእኛ ክፍል ኮምፒውተሮች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደኅንነት ቺፕም አዲስ ፕሮሰሰርም የላቸውም። ጥለን አዲስ እንግዛ እንዳንል በጀት የለም። ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ የወጣውን የሊኑክስ ሥርዓት ዴቢያን 13 ቀለል ካለው ከኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ጋር እየጫንሁባቸው ነው። እስካሁን ደኅና እየሄዱ ናቸው፤ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጁ የነበሩት እንኳ ፈጥነው ይከፈታሉ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ገቡ። ሥራቸው የአዊ አገው ቋንቋ በሆነው በአውንጊ የቃላት መለማመጃ ላይ ነበር። ይህን ፕሮግራም የጻፈው እዚሁ ተምሮ አሁን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነው፤ ቃሉን ያሳያል፣ ድምፁን ያሰማል፣ ትርጉሙን ያስመርጣል። ልጁ በላከው መመሪያ መሠረት ቅዳሜ ዕለት በሁሉም ማሽኖች ላይ ተጭኗል።

አንዲት ተማሪ ሜኑውን ከላይ እስከ ታች አየችና «ቲቸር፣ የኔው ላይ የለም» አለች። አጠገቧ ያለችውም ላይ የለም። ተርሚናል ከፍቼ የፕሮግራሙን ስም ስጽፍ ወዲያው ተነሣ። ልጅቱ ስክሪኑን ተመለከተችና «እሱማ እርስዎ ሲጽፉት ነው» አለች።

ልክ ነች። እኛ ኮምፒውተር እናውቃለን የምንል ሰዎች «ተጭኗል» ስንል ፋይሉ ዲስኩ ላይ ዐርፏል ማለታችን ነው። ለእሷ ግን ገና አልደረሳትም። ተርሚናል የማያውቅ ሰው ዘንድ ፕሮግራም ማለት ሜኑው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እንዲህ ማሰቡም ትክክል ነው፣ ሜኑ የተሠራው ለዚሁ ነውና። ሜኑው ላይም እንዲወጣ የልጁን ሥራ እንደ ደንቡ ፓኬጅ ላደርገው ወስኛለሁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አንድን ፕሮግራም ሜኑ ላይ የሚያወጣው ነገር በጥቂት መስመር ሊጻፍ የሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ «ነጥብ ዴስክቶፕ» የሚል ቅጥያ ይዟል። ውስጡን ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። በማዕዘን ቅንፍ «ዴስክቶፕ ኤንትሪ» የሚል ርእስ ይቀድማል። ቀጥሎ «ታይፕ» የፋይሉን ዓይነት፣ «ኔም» የፕሮግራሙን ስም፣ «ኮመንት» ማውሱ ሲያርፍበት የሚወጣውን አጭር መግለጫ፣ «ኤግዜክ» ሲጫኑት የሚነሣውን ትእዛዝ፣ «አይከን» ሥዕሉን፣ «ካቴጎሪስ» የሚመደብበትን ክፍል ይናገራሉ። ቁልፍ ቃላቱ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ከእኩል ምልክቱ ወዲያ ያለው ስምና መግለጫ ግን በፈለግነው ፊደል ሊሆን ይችላል።

ደንቡን ያወጣው ፍሪዴስክቶፕ የሚባለው የጋራ መድረክ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ያኔ ሬድ ሃት ውስጥ ይሠራ የነበረው ሃቮክ ፔኒንግተን ነው። ከዚያ በፊት ኖምና ኬዲኢ የተባሉት ሁለቱ ትልልቅ ዴስክቶፖች የየራሳቸውን መንገድ ይከተሉ ስለነበር፣ ለአንዱ የተዘጋጀ ፕሮግራም ሌላው ላይ ሜኑ ውስጥ ላይገባ ይችል ነበር። ዛሬ አንድ ፋይል ለሁሉም ይበቃል፤ እኛ ክፍል ላለው ኤክስኤፍሲኢም ጭምር።

ዋናው ጥያቄ ፋይሉ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። የልጁ መመሪያ «ዴስክቶፑ ላይ ኮፒ አድርጉት» ይላል። ብቻውን በሚጠቀምበት ላፕቶፕ ላይ ይህ ይሠራል። እኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መግቢያ ስም አለው፤ በአንዱ ስም ገብቶ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ነገር ሌላው ሲገባ አይታይም። ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የሚሆነው በዚያ ሰው የግል ፎልደር ሥር በተደበቀችው «ነጥብ ሎካል» ውስጥ ይገባል። ማሽኑን ለሚጠቀም ሁሉ የሚሆነው «/ዩኤስአር/ሼር/አፕሊኬሽንስ» ውስጥ ይገባል። ፓኬጅ ሁልጊዜ የሚያስቀምጠው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው፤ የተጠቃሚን የግል ፎልደር መንካት የፓኬጅ ሥራ አይደለም።

ፌዶራ የተባለው ሌላው የሊኑክስ ሥርዓት ፓኬጅ አዘጋጆች ፕሮግራምን ሜኑ ላይ ማውጣትን ለሰው ፈቃድ አልተዉትም። መመሪያቸው እንደሚለው መስኮት ከፍቶ በዚያ መስኮት ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ያለበት ፓኬጅ ሁሉ፣ በትክክል የተጫነ የዴስክቶፕ ፋይል ሊኖረው ግድ ነው። ፋይሉን ማካተት ብቻም አይበቃም፤ ፓኬጁ ሲሠራ በመመርመሪያ ማለፍ አለበት። እኔ የምሠራው ለዴቢያን ቢሆንም ይህን ደንብ እንዳለ ወስጄዋለሁ። ሜኑ ላይ ማውጣት ጊዜ ከተረፈ የሚደረግ ማስጌጫ ተደርጎ ሲታይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የሚጎዳው ደግሞ ምንጊዜም ተርሚናል የማያውቀው ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

የሪከርድ ክፍል ሠራተኛዋ ጠርታኝ ሄድሁ። የተማሪ መመዝገቢያው ፕሮግራም በግዢ የመጣ ነው፤ ማን እንደሠራው እዚህ አልጽፍም። «መምህር፣ አይከኑን እጫነዋለሁ፣ ዝም ይላል። እንደገና እጫነዋለሁ፣ አሁንም ዝም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስሕተት እንኳ አያሳይም። ደግሞ ፕሮግራሙ «ቢሮ» ሥር መሆን ሲገባው «ሌሎች» ከሚለው ውስጥ ተሸጉጧል፤ አይከኑም ነጭ ወረቀት ነው።

ፋይሉን ከፈትሁት። «ኤግዜክ» የሚለው መስመር የሚያመለክተው ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ላፕቶፕ ላይ ወደነበረ የግል ፎልደር ነው። በእሱ ማሽን ላይ ሁሉም ነገር ሠርቷል፤ ከእሱ ማሽን ውጭ በየትም ቦታ አይሠራም። በመመርመሪያው ሳሳልፈው ደግሞ ሁለት ነገር አወጣ። አንደኛ፣ ካቴጎሪው በደንቡ ያልተመዘገበ ቃል ነው፤ የራሱን ምድብ መፍጠር የፈለገ በ«ኤክስ» እና በሰረዝ መጀመር ነበረበት። ሁለተኛ፣ የአይከኑ ስም ቅጥያ ይዟል። ሙሉ አድራሻ ካልሆነ በቀር የአይከን ስም ያለ ቅጥያ ነው የሚጻፈው፤ ምክንያቱም ዴስክቶፑ ራሱ ለቦታው የሚስማማውን መጠንና ዓይነት ይመርጣል። ቅጥያ ከተጻፈበት ምርጫውን ይነጥቀዋል።

ልብ ማለት ያለብኝ፣ መመርመሪያው ትልቁን ጥፋት አላየውም። «ኤግዜክ» ላይ የተጻፈው ፋይል በእርግጥ መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም፤ አጻጻፉን ብቻ ነው የሚያየው። ያንን ሌላ ማሽን ላይ የሚሞክር ሰው ዐይን ብቻ ነው የሚያገኘው። (የዴቢያኑ የፓኬጅ መመርመሪያ ሊንቲያን ትእዛዙ በፓኬጁ ውስጥ መኖሩን ያያል፤ ግን በዚያ ያሳለፈው ሰው አልነበረም።)

የእነሱን ፋይል ብነካው በሚቀጥለው አፕዴት ተመልሶ ይበላሻል። ደንቡ ለዚህ መላ አለው። ሲስተሙ ፋይሎቹን የሚፈልገው በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የተጠቃሚውን የግል ፎልደር፣ ቀጥሎ «/ዩኤስአር/ሎካል/ሼር»ን፣ በመጨረሻ «/ዩኤስአር/ሼር»ን ያያል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች ሲያገኝ ቀድሞ ያገኘው ያሸንፋል። ስለዚህ ፋይሉን በዚያው ስም «ሎካል» ወደሚለው ቀዳሁና ትእዛዙን፣ ካቴጎሪውን፣ አይከኑን አስተካከልሁ። ፓኬጁ ውስጥ ያለው እንዳለ ነው፤ የእኔው ግን ቀዳሚ ነው። ሜኑው ወዲያው ራሱን አደሰ። ሠራተኛዋ «ቢሮ» ሥር አግኝታው ከፈተችው፤ ሰልፍ ይዘው የቆሙ ወላጆች ስለነበሩ ብዙ አላወራንም።

ይህ ፕሮግራም በገንዘብ የተገዛ ነው። የጎደለው ደግሞ አንድ ሰው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ሜኑውን መክፈት ብቻ ነበር።


እሑድ፣ ኅዳር 21

ኅዳር ጽዮን። ከቤተ ክርስቲያን መልስ መብራት አልነበረም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ቀድሜ ያወረድኋቸውን መመሪያዎች አነበብሁ።

ዴቢያን ለብዙ ዓመት የራሱ የሜኑ ሥርዓት ነበረው፤ የፍሪዴስክቶፑም ሲመጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ። አንድ ፕሮግራም ሁለት ፋይል ይዞ ሁለት ቦታ ይታይ ነበር። ክርክሩ ረዥም ነበር፤ በመጨረሻ የዴቢያን የቴክኒክ ኮሚቴ በ2015 እ.ኤ.አ. የዴስክቶፕ ፋይል ያለው ፓኬጅ የድሮውን የሜኑ ፋይል ጨምሮ መያዝ እንደሌለበት ወሰነ። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። ሁለት ተመሳሳይ አይከን ያየ ተማሪ የትኛውን ልጫን ብሎ ይጠይቃል፤ ለጥያቄውም የሚረባ መልስ የለም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

አይከኑን የሣለችው ያቺው የመጀመሪያዋ ተማሪ ናት። ሥዕል ትወዳለች፤ ኢንክስኬፕ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም በራሷ ጊዜ ተለማምዳዋለች። የአውንጊ መለማመጃ ስለሆነ ፈረስ ይሁን አለች። እዚህ አገር ይህ ምርጫ ማብራሪያ አያሻውም። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ጥር 23 እንጅባራ ላይ ያከብራል፤ የአዊ ልጅ ደግሞ ፈረስ መሣል የሚጀምረው ገና ደብተር ሲይዝ ነው።

መጀመሪያ ያመጣችው ሥዕል ሙሉ ነበር፤ ፈረሰኛው ጋሻና ጦር ይዟል፣ ፈረሱ ግላስ ለብሷል፣ ከኋላ አቧራ ይነሣል። ስክሪን ሞልቶ ሲታይ ያምራል። ደንቡ ግን ቢያንስ በ48 በ48 ፒክስል የሆነ አይከን «ሃይከለር» በሚባለው የጋራ ፎልደር ውስጥ እንዲኖር ይመክራል፤ ሜኑው ላይ የሚታየው እንዲያውም ከዚያ ያንሳል። በ48 ፒክስል ስናወጣው ፈረሰኛው ቡናማ ነጠብጣብ፣ ጦሩ የተቆራረጠ ጭረት፣ አቧራው ደግሞ ቆሻሻ ሆነ።

«ጦሩን ላውጣው?» አለች። አወጣችው፤ አልጠራም። ፈረሰኛውን አወጣችው፤ ፈረሱ ታየ፣ እግሮቹ ግን እርስ በርስ ተጣበቁ። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና ከአንገቱ በታች ያለውን ሁሉ ቆርጣ ጣለችው። የቀረው ወደ ቀኝ የሚያይ የፈረስ ራስ ነው፤ ጋማው በሦስት ወፍራም ጭረት ብቻ፣ ጆሮዎቹ ቀጥ ያሉ። ልጓሙን ልታጠፋው ስትል እኔ ከለከልሁ፤ እሷም ቀዩን ቀለም ለልጓሙ ብቻ ተወችለት። በ24 ፒክስል እንኳ ከሩቅ ቀይዋ መስመር ትለያለች። ከክፍሉ ጥግ ቆማ ሜኑው ላይ ፈልጋ አገኘችው።

ሁለት ፋይል ሆነ፤ አንዱ በ48 በ48 የተቀመጠ ፒኤንጂ፣ ሌላው በፈለጉት መጠን የሚለጠጥ ኤስቪጂ። የሁለቱም ስም አንድ ነው፤ በዴስክቶፕ ፋይሉ ውስጥም ያለ ቅጥያ ተጽፏል።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ዛሬ የአውንጊውን መምህር ኮምፒውተር ክፍል ጋበዝኋቸው። ጡረታቸው የቀረበ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ የፕሮግራሙ ስም በአውንጊ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ» አልኋቸው። «ፕሮግራሙ አውንጊ የሚያስተምር ነው ብለሃል፤ ታዲያ በሌላ ቋንቋ እንዴት ይጠራል?» አሉኝ። ከዚያ ወረቀት ጠይቀው ስሙንና አንድ መስመር መግለጫ በእጃቸው ጻፉ፤ ፊደሎቹን ለየት ለየት አድርገው፣ እኔ እንዳልሳሳት።

ደንቡ ይህን የሚፈቅድበት መንገድ ቀላል ነው። «ኔም» የሚለው መስመር ያለ ቅንፍ ሲጻፍ ለማንም የሚሆን ስም ነው። ከጎኑ በማዕዘን ቅንፍ የቋንቋ መለያ ሲጨመር ለዚያ ቋንቋ ተጠቃሚ ይሆናል። የአማርኛ መለያ በላቲን «ኤ፣ ኤም» ነው። ማሽኑ «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ» ተብሎ ቢዘጋጅም መጀመሪያ ቋንቋና አገር የያዘውን፣ ካጣ ቋንቋ ብቻ የያዘውን፣ ያንንም ካጣ ቅንፍ የሌለውን ይወስዳል። ስለዚህ አንድ የአማርኛ መስመር ለሁሉም ይበቃል። አውንጊ ባለ ሁለት ፊደል መለያ የለውም፤ በሦስት ፊደል «ኤ፣ ደብልዩ፣ ኤን» ተብሎ ተመዝግቧል። ደንቡ በሦስት ፊደል የተጻፈውንም ይቀበላል።

ፋይሉ በዩኒኮድ፣ በዩቲኤፍ 8 መቀመጥ አለበት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 3.0 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የፎንት ትርምስ የሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አሁን ጥያቄው ፎንት ብቻ ነው። አውንጊ አማርኛ የሌሉት ድምፆች አሉት፤ እነሱን የሚጽፉት ፊደላት በሁሉም ፎንት ላይ አይገኙም። ጋሼ የጻፉትን ስም ስከፍተው አንድ ማሽን ላይ ከቃሉ መሀል ባዶ ሳጥን ወጣ። እሳቸው ሳጥኑን በጣታቸው ነክተው «ይህች ፊደል የት ሄደች?» አሉ።

መልሱ ፓኬጁ ውስጥ መሆን አለበት እንጂ ተጠቃሚው እንዲያስተካክለው መጠበቅ አይገባም። ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው አቢሲኒካ ፎንት ዴቢያን ውስጥ በፓኬጅ አለ፤ የእኛ ፓኬጅ ያለ እሱ እንዳይጫን በጥገኛ ዝርዝሩ ውስጥ ጻፍሁት። ከጫንሁት በኋላ ሳጥኑ ጠፋ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ስሙን ፊደል በፊደል ከወረቀታቸው ጋር አስተያዩ፤ አንድ ፊደል አሳረሙኝ።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ስሙ በአውንጊ ተጽፏል፤ ማሽኑን ግን በአውንጊ ማዘጋጀት አይቻልም። ሊኑክስ የአገርና የቋንቋ መረጃ የሚያገኝበት የጂሊብሲ ዝርዝር ውስጥ የእኛ አገር ቋንቋዎች አሉ፤ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ግዕዝ ሳይቀር። ብዙዎቹን ያዘጋጀው ዳንኤል ያዕቆብ የመሠረተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው፤ ይህ ሥራ የሚገባውን ያህል ሲነገርለት ሰምቼ አላውቅም። በዝርዝሩ ውስጥ ብሊንም አለ፤ ከረን አካባቢ የሚነገረው፣ የአገው ቋንቋዎች ወገን የሆነው። አውንጊን ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም።

መላው ሌላ ቦታ ተገኘ። ኤክስኤፍሲኢ የሜኑ ስሞችን የሚያነበው ጂሊብ በሚባለው ላይብረሪ ነው። ጂሊብ ከሁሉ በፊት የሚያየው «ላንጉዌጅ» የሚባለውን ቅንብር ነው፤ እዚያ ላይ ቋንቋዎችን በምርጫ ቅደም ተከተል በሁለት ነጥብ እየለዩ መደርደር ይቻላል። የማሽኑን ዋና ቅንብር አማርኛ እንዳለ ትቼ «ላንጉዌጅ» ላይ አውንጊን አስቀድሜ አማርኛን አስከተልሁ። ወጥቼ ስገባ የመለማመጃው ስም በአውንጊ ወጣ፤ የቀረው ሜኑ እንደ ድሮው በአማርኛ ነው። አውንጊ ያለው በአውንጊ፣ የሌለው በአማርኛ፣ አማርኛም የሌለው በእንግሊዝኛ።

ጋሼን ከክፍል ጠርቼ አሳየኋቸው። ብዙ አልተናገሩም። የሰባተኛ ክፍል ልጆቻቸውን ይዘው ሐሙስ እንደሚመጡ ነገሩኝና ወጡ።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ካቴጎሪውን «ኤጁኬሽን» አልሁት። ዋና ምድቦቹ በደንቡ የተቆጠሩ ናቸው፤ ትምህርት፣ ቢሮ፣ ግራፊክስ፣ ጨዋታ፣ ኔትወርክ፣ ሳይንስ እያለ ይሄዳል። ልጁ «ጨዋታ»ም ይጨመርበት ብሎ ነበር፤ ቃል መርጦ ነጥብ ማግኘት ስላለበት። ሁለት ዋና ምድብ ከተጻፈ ሁለት ቦታ ሊወጣ ይችላል፤ አልጨመርሁትም። ከመጨረሻው ቃል በኋላ ድርብ ሰረዟን መርሳት የለም፤ የእንግሊዝኛዋን ማለቴ ነው፣ ነጥብና ሰረዝ ያላትን።

ዛሬ የሙከራ ቀን ነበር። ምንም ያልተጫነበት ማሽን ወሰድሁ፤ አዲስ የተጠቃሚ ስም ከፈትሁ፤ ፓኬጁን ጫንሁ፤ ተርሚናል አልነካሁም። ትምህርት ሥር የፈረሱ ራስ አለ። ተጫንሁት፣ ተከፈተ። ቀጥሎ ፍላሽ ላይ ያለ የቃላት ፋይል ሁለት ጊዜ ክሊክ አደረግሁ፤ ይህም በመለማመጃው ተከፈተ። ይህን የሚያደርጉት «ማይምታይፕ» የሚለው መስመርና «ኤግዜክ» መጨረሻ ላይ ያለችው የፐርሰንት ምልክት ናቸው፤ ምልክቷ የሚከፈተውን ፋይል ለፕሮግራሙ የምታቀብል ናት።

ከዚያ ፓኬጁን አጠፋሁት። አይከኑም ከሜኑው አብሮ ጠፋ። ይህ ቀላል ይመስላል። በእጅ ዴስክቶፕ ላይ የተቀዳ አይከን ግን ፕሮግራሙ ከጠፋ በኋላም እዚያው ይቀራል፤ ልጆች ይጫኑታል፣ አይነሣም፣ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ይላሉ። በፓኬጅ የገባ ነገር በፓኬጅ ይወጣል።


ዓርብ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም

ከገናና ከጥምቀት ዕረፍት በኋላ ዛሬ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ልጁ ከዩኒቨርሲቲው አዲስ ስሪት ላከልኝ፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ድምፆቹ ጠርተዋል። የፕሮግራሙንም ስም አሳጥሮታል፤ ከዚሁ ጋር የዴስክቶፕ ፋይሉን ስም ለመቀየር ሐሳብ አቅርቧል።

ደውዬ እንዳይቀይረው ለመንሁት። ሰው የሚያየው ስም ቢቀየር ምንም አይደለም። የፋይሉ ስም ግን መታወቂያው ነው። ጋሼ መለማመጃውን ከታች ካለው ፓነል ላይ ሰክተውታል፤ ልጆቹም «ተወዳጆች» ውስጥ አስገብተውታል። እነዚያ ሁሉ የሚይዙት የፋይሉን ስም ነው፤ ስሙ ሲቀየር የሰኩት ሁሉ ይጠፋል። ፌዶራ ከዓመታት በፊት ፋይሎቹን «ፌዶራ» በሚል ቅድመ ስም ይጠራቸው ነበር። ያ ልማድ ለአዲስ ፓኬጆች ሲቀር እንኳ መመሪያው ፓኬጁ እስካለ ድረስ ቅድመ ስሙ እንዳይለዋወጥ አጥብቆ ይናገር ነበር፤ ምክንያቱም ተጠቃሚው በሜኑው ላይ ያደረገው ማስተካከያ የቆመው በፋይሉ ስም ላይ ነው። ልጁ ገባው፤ «ታዲያ ኔም የሚለውን ብቻ ልቀይር» አለ። እሱማ ይቀየር።


ሐሙስ፣ ጥር 21

የዳንግላና የእንጅባራ የኮምፒውተር መምህራን ፓኬጁን ጠይቀዋል። ኔትወርኩን አምኜ በኢንተርኔት እንዲያወርዱት አላልሁም፤ ነገ ጠዋት ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሰው በፍላሽ እልካለሁ። ፍላሹ ላይ የመለማመጃው ፓኬጅና የአቢሲኒካ ፎንት ፓኬጅ አብረው አሉ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ማሽን ላይ ጥገኛውን ከየትም ስለማያመጣው ፎንቱ ቀድሞ እንዲጫን በወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ። «ላንጉዌጅ» የሚለውን ቅንብር እንዴት እንደሚያስቀምጡም ጽፌያለሁ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠይቄያቸዋለሁ፤ ከጫኑ በኋላ ራሳቸው ሳይሆኑ አንድ ተማሪ ሜኑውን ከፍቶ እንዲፈልገው፣ ካላገኘውም የት የት እንደፈለገው እንዲጽፉልኝ።

ከጋሼ ጋር ደግሞ ሌላ ሥራ ጀምረናል። አውንጊ በጂሊብሲ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ለመጠየቅ የሚሞላ ፋይል አለ፤ የሳምንቱ ቀናት፣ የወሮች ስም ከነአጭር አጻጻፋቸው፣ «አዎ» እና «አይደለም»፣ የቀን አጻጻፍ ቅደም ተከተል። የብሊንን ፋይል እንደ ምሳሌ ከፍተን ጎን ለጎን እየሞላን ነው። ቀናቱን ጨርሰናል። ወሮቹ ላይ ጋሼ ከአንድ የዳንግላ ሰው ጋር የማይስማሙበት ስም ስላለ በስልክ እየተከራከሩ ናቸው፤ ሰኞ ከሰዓት ውጤቱን ይዘው ይመጣሉ።